ድራመሩ ቢሮ ሲገባ

ባለፈው ሰሞን በሬዲዮ ልምምዳችን ላይ አንድ ትንሽ ነገር ገጠመን። ለፕሮግራም መሸጋገሪያ የዋልያስ ባንድን «ሙዚቃዊ ስልት» መርጠን ነበር። ርዕሱን ባያውቀው እንኳ ዜማውን ሲሰማ የማያስታውስ ሰው ያለ አይመስለኝም። ሙዚቃው ተጫወተ፣ ልምምዱም አለቀ። ችግሩ የመጣው የተጫወቱትን ሙዚቃዎች የምንመዘግብበትን ቅጽ ስንሞላ ነው። ቅጹ ሦስት ዓምድ አለው፤ የዘፈኑ ርዕስ፣ ድምፃዊ፣ ደቂቃ። ርዕሱን ጻፍን። «ድምፃዊ» የሚለው ጋ ስንደርስ እስክሪብቶው ቆመ። ሙዚቃው በመሣሪያ ብቻ የተቀናበረ ስለሆነ ድምፃዊ የሚባል የለውም። ተሳሳቅን፣ ሰረዝ አደረግንበትና አለፍን።

እኔን ግን ያቺ ሰረዝ አልለቀቀችኝም። ያን ሁሉ ሰው የደከመበት ሥራ ሲመዘገብ ሰው የሌለበት የሚሆነው እንዴት ነው? ሙዚቃው የሚገኝበት «ቸ በለው» የተሰኘው አልበም እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣ ሲሆን የተጫዋቾቹ ስም የተሰወረ አይደለም። ኪቦርዱ ላይ ኃይሉ መርጊያ፣ ቫይብራፎኑ ላይ ሙላቱ አስታጥቄ፣ ድራሙ ላይ ተማረ ሐረጉ አሉበት። የክፍል ጓደኞቼን ስጠይቅ ኃይሉንና ሙላቱን የማያውቅ አላጋጠመኝም። ድራመሩን ግን ያወቀልኝ አንድም ሰው የለም። እውነቱን ለመናገር እኔም ያወቅኩት ከዚያች ሰረዝ በኋላ ፈልጌ ነው።

ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ስለ ድራመር ነው። ይበልጡን ደግሞ ከመሣሪያው ጀርባ ተነስቶ ቢሮ ስለገባ ሙዚቀኛ ነው፤ ማለትም አሳታሚ፣ ሥራ አስኪያጅ፣ የማኅበር መሪ ወይም የመብት ተከራካሪ ስለሆነ ሰው። እንዲህ ዓይነት ሰው ለምን ያስፈልጋል? ሲገኝስ የማንን ጉዳይ ይዞ ነው የሚገባው?

ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር

ቤታቸው ውስጥ የድሮ ካሴት ያላችሁ ሽፋኑን ገልብጣችሁ እዩት። ሦስት ቃላት ታገኛላችሁ፤ ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር። ከጎናቸው የሰው ስም ተጽፏል። ሌሎቹ ዕድለኛ ከሆኑ በጅምላ ይጠቀሳሉ፤ «አጃቢ» ተብሎ የባንዱ ስም ብቻ ይሰፍራል። ይህን «አጃቢ» የሚለውን ቃል ልብ በሉልኝ። ሠርግ ላይ ሙሽራ የሚያጅብ ሰው በልቶ ጠጥቶ፣ ጨፍሮ ወደ ቤቱ ይሄዳል እንጂ ከጥሎሹ ድርሻ አይጠይቅም። የድራመሩም ነገር በዚሁ ልማድ ሲሠራበት ነው የኖረው። ስቱዲዮ ይገባል፣ ይቀዳል፣ የተስማማበትን ጥቅል ክፍያ ተቀብሎ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ካሴቱ አንድ ሺህ ይሸጥ መቶ ሺህ ለሱ ለውጥ የለውም።

ልማዱ የመጣበት ምክንያት ያለ ይመስለኛል። በንጉሡ ዘመን ትልልቆቹ ኦርኬስትራዎች የመንግሥት ነበሩ፤ ክቡር ዘበኛ፣ ፖሊስ ሠራዊት፣ ጦር ሠራዊት። ሙዚቀኛው ደመወዝተኛ ነው፣ ማዕረግም አለው። ደመወዝ ለሚበላ ሰው ደግሞ «ከሥራህ ገቢ ድርሻህ ስንት ነው?» የሚለው ጥያቄ አይነሳም። ባንዶቹ ከካምፕ ወጥተው ሆቴልና ክለብ ሲገቡም አከፋፈሉ በምሽት ሆነ እንጂ ሐሳቡ አልተለወጠም።

ሕጉ ግን አጃቢ አይልም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 አንድን የተቀዳ ሙዚቃ በሦስት ወገን ያየዋል። አንደኛው ደራሲው ነው፤ በኛ ቋንቋ ግጥምና ዜማው። ሁለተኛው ከዋኙ ነው። ሦስተኛው ቀረጻውን በገንዘቡና በኃላፊነቱ ያሠራው ፕሮዲዩሰር ነው። ከዋኝ ሲባል የሚዘፍነው ብቻ ሳይሆን የሚጫወተውም ነው። ድራመሩ ያለው እዚህ ውስጥ ነው። የከዋኙና የፕሮዲዩሰሩ መብት «ተዛማጅ» የተባለው ከደራሲው መብት አጠገብ የቆመ፣ ከሱ ጋር የተያያዘ ግን ራሱን የቻለ መብት ስለሆነ ነው። የደራሲው መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል፤ የከዋኙም ለ50 ዓመት ይጠበቃል። ለንግድ የታተመ የሙዚቃ ቅጂ በሬዲዮ ሲተላለፍ ለከዋኙና ለፕሮዲዩሰሩ ተመጣጣኝ ክፍያ እንደሚገባም አዋጁ ይናገራል።

በነገራችን ላይ ከበሮና ሕግ በአገራችን ባዕድ አይደሉም። ድሮ አዋጅ የሚነገረው ነጋሪት ተጎስሞ ነው፤ ሰው የሚሰበሰበው መጀመሪያ ምቱን ሰምቶ ነው። ሕግ የሚታተምበት ጋዜጣ ዛሬም ድረስ በዚያ ከበሮ ስም ይጠራል። የድራመሩ መብት የታወጀው በነጋሪት ጋዜጣ መሆኑን ሳስብ ፈገግ ብያለሁ።

ወረቀቱ ጥሩ ነው። ጥያቄው አሰባሰቡ ላይ ነው። አንድ ድራመር በየሬዲዮ ጣቢያውና በየሆቴሉ እየዞረ «ዛሬ የኔን ሥራ ስንቴ አጫወታችሁ?» ሊል አይችልም። በ2007 ዓ.ም. አዋጁ በቁጥር 872 ሲሻሻል የሮያሊቲና የጋራ አስተዳደር ማኅበር ጉዳይ ትኩረት ያገኘው ለዚህ ነው። አሠራሩ ሲታሰብ ቀላል ነው። ባለመብቶች ማኅበር ያቋቁማሉ፤ ማኅበሩ በአባላቱ ስም ሙዚቃውን ለሚጠቀሙ ተቋማት ፈቃድ ይሰጣል፣ ክፍያ ይሰበስባል፣ ምን ያህል እንደተጫወተ አይቶ ያከፋፍላል። በተግባር ግን አዋጁ ከወጣ ከብዙ ዓመት በኋላም የሮያሊቲ ነገር የሙዚቀኞች ጥያቄ ሆኖ ቆይቷል።

በሰፈራችን አንድ ጋሼ አሉ። ለረጅም ዓመታት በየክለቡና በየስቱዲዮው ድራም መትተዋል። የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ልደታ ምድብ ችሎትን አልፈን ስንሄድ፣ የመታሁባቸውን ካሴቶች ይዤ እዚህ ብገባስ ብለው አስበው ያውቁ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። የመለሱልኝ ነገር አስደንግጦኛል። የመቱባቸውን ሥራዎች ዝርዝር ራሳቸውም የላቸውም። ውል አልተጻፈም። ሽፋኑ ላይ ስማቸው የለም። አንዳንዱን ሥራ የማን እንደነበረ እንኳ ረስተውታል፤ ዘፋኙ ድምፁን የሚያስገባው እሳቸው ከወጡ በኋላ ስለነበር። ሕጉ መብት ሰጥቷቸዋል፤ እሳቸው ግን የትኛው ዘፈን ላይ እንደሆነ ማሳየት አይችሉም።

ቢሮ የገቡት

በአገራችን የሙዚቃ ንግድ ታሪክ መጀመሪያ የሚነሳው ሰው ሙዚቀኛ አልነበረም። አምሃ እሸቴ የሙዚቃ ቤት ባለቤት ነበር። ሸክላ የማሳተም ሥራ ለሀገር ፍቅር ብቻ ተሰጥቶ በነበረበት ጊዜ እ.ኤ.አ. በ1969 ያን ክልከላ ጥሶ በራሱ ስም አምሃ ሪከርድስን አቋቋመ። የመጀመሪያው የዓለማየሁ እሸቴ ሸክላ ተቀድቶ ለኅትመት ወደ ሕንድ ነው የተላከው። እስከ 1975 ድረስ ከመቶ በላይ ነጠላ ሸክላዎችንና 12 አልበሞችን አወጣ። ከዚያ ደርግ መጣ፣ አምሃም ወደ አሜሪካ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ2021 አረፈ። ዛሬ «ወርቃማው ዘመን» ከምንለው ውስጥ ትልቁ ክፍል እጃችን ላይ የቀረው አንድ ወጣት ነጋዴ ስለደፈረ ነው። ይሁንና አምሃ ከመድረኩ ፊት ለፊት የቆመ ሰው ነው። ከመሣሪያው ጀርባ የተነሳ ሰው ስንፈልግ ሁለት ስም ይመጣልኛል።

አንደኛው ዳዊት ይፍሩ ነው። በዳህላክና በሮሃ ባንዶች ኪቦርድ ሲጫወት፣ ስፍር ቁጥር የሌለው ዘፈን ሲያቀናብር ኖሮ የኢትዮጵያ ሙዚቀኞች ማኅበርን ለዓመታት በፕሬዚዳንትነት መርቷል። በእነዚያ ዓመታት በየስብሰባው፣ በየመግለጫው ስለ ቅጂ መብት ሲናገር ይታይ ነበር።

ሁለተኛው ኤልያስ መልካ ነው። ቅዱስ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ቼሎ ተምሮ ወደ ቅንብር ገባ፣ በገና ስቱዲዮን መሠረተ። የቴዲ አፍሮ «አቡጊዳ»፣ የዘሪቱ ከበደ የመጀመሪያ አልበም፣ የእዮብ መኮንን «እንደ ቃል» ያለፉት በሱ እጅ ነው። የዚያ ትውልድ ጆሮ የተሠራው እሱ ስቱዲዮ ውስጥ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ለኔ የሚገርመኝ ግን ሌላው ነው። ስሙ በገነነበት ሰዓት ከቅንብር ሥራው ጊዜ ወስዶ የቅጂ መብት ጉዳይ ውስጥ ገባ። በመጨረሻም ከጆኒ ራጋና ከኃይሌ ሩትስ ጋር ሆኖ አውታር የተባለውን የሞባይል መተግበሪያ በ2011 ዓ.ም. ይፋ አደረገ። ሐሳቡ ሙዚቃው በስልክ እንዲሸጥና ገንዘቡ ለባለመብቶቹ እንዲከፋፈል ነው። ካሴት ሞቶ፣ ሲዲም እየሞተ፣ ፍላሽ ላይ በብር የሚጫን ዘፈን ገበያውን በያዘበት ሰዓት መሆኑን አስታውሱ። ኤልያስ መስከረም 23 ቀን 2012 ዓ.ም. አረፈ፤ አውታር ከተጀመረ አንድ ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር።

ሁለቱም ግን ድራመር አይደሉም። እንዲያውም አንድ ነገር ልበል። በደርግ ጊዜ ሰዓት እላፊው የምሽቱን ኑሮ ሲያዳክም፣ በኋላም ሙሉ ባንድ መቅጠር ሲወደድ፣ ኪቦርዱ ውስጥ ያለው ምት የድራመሩን ወንበር ወሰደ። ቀጥሎ ኮምፒውተሩ መጣ። ኪቦርድ ተጫዋቹና አቀናባሪው ዕድሉ ሰፍቶላቸው ቢሮ ድረስ ሲደርሱ ድራመሩ ስቱዲዮ መግባቱም ቀነሰ። ይህን የምለው ሰዎቹን ለመውቀስ አይደለም፤ ቴክኖሎጂው ነው ያመጣው።

ድራመር ሆኖ እስከ ላይ የዘለቀ ሰው

ከድራም ወንበር ተነስቶ የኢንዱስትሪውን ቢሮ የመራ ሰው ስፈልግ ያገኘሁት እንግሊዝ ተወልዶ ኒውዚላንድ ያደገውን ሪቻርድ ጀምስ በርጀስን ነው። ላንድስኬፕ የተባለ ባንድ ድራመርና ድምፃዊ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1981 «አይንስታይን ኤ ጎጎ» የተሰኘው ዘፈናቸው በእንግሊዝ የሙዚቃ ሠንጠረዥ 5ኛ ደረጃ ደርሷል። በዚያው ጊዜ ስፓንዳው ባሌት ለተባለው ባንድ የመጀመሪያ ሥራዎቹን ፕሮዲዩስ አደረገ። የሚገርመው ደግሞ ከዴቭ ሲመንስ ጋር ሆኖ ኤስ.ዲ.ኤስ. 5 የተባለውን ኤሌክትሮኒክ ድራም ከነደፉት አንዱ መሆኑ ነው። በድሮ የውጭ ክሊፖች ላይ የንብ ቀፎ ዐይን የመሰሉ ባለ ስድስት ጎን ድራሞች አይታችሁ ከሆነ እነሱ ናቸው። ድራመሩ የገዛ ወንበሩን የሚነቀንቀውን ማሽን ሲሠራ አስቡት! እኔ ግን እንደ ክህደት አላየሁበትም። ማሽኑ መምጣቱ ካልቀረ ከሚሠሩት ጋር መቀመጥ መርጧል፤ በኋላ ቢሮ ውስጥም ያደረገው ይህንኑ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1997 ስለ ሙዚቃ ፕሮዲዩሰርነት መጽሐፍ ጻፈ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ አሜሪካ ዋሽንግተን ውስጥ ስሚዝሶኒያን ፎክዌይስ በተባለው አሳታሚ ሥራ ጀመረ። ይህ ቤት ለኛም ሩቅ አይደለም። ሞዝስ አሽ የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1948 ሲመሠርተው የዓለምን ሕዝቦች ድምፅ ሁሉ ለመያዝ ነበር ሐሳቡ። ሃሮልድ ኩርላንደር በአገራችን የቀዳቸው ባህላዊ ሙዚቃዎች እ.ኤ.አ. በ1951 የታተሙት በዚሁ ቤት ነው። ስሚዝሶኒያን በ1987 ሲረከበው ከገባው ግዴታ አንዱ 2,168ቱም አልበሞች፣ ይሸጡም አይሸጡ፣ ከገበያ እንዳይጠፉ ነው። በዓመት አምስት ቅጂ የሚሸጥ አልበም እንኳ አለሁ እንዲል ማለት ነው። እንዲህ ዓይነት ቤት ውስጥ የሠራ ሰው የማን ድምፅ የት ላይ እንዳለ የሚናገር መዝገብ ምን ዋጋ እንዳለው ሳያውቅ አይቀርም።

ከዚያ እ.ኤ.አ. በ2016 የአሜሪካ ነፃ የሙዚቃ አሳታሚዎች ማኅበር ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሆነ፤ ለዓመታትም መራው። «ነፃ» የተባሉት ዩኒቨርሳል፣ ሶኒና ዋርነር ከሚባሉት ሦስት ግዙፍ ኩባንያዎች ውጭ ያሉት ናቸው። ሥራው ምክር ቤት መመላለስ፣ ሕግ ሲረቀቅ መገኘት፣ ትንንሾቹ እንዳይረሱ መጮህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የጸደቀው የአሜሪካ የሙዚቃ ማዘመኛ ሕግ ማኅበሩ ከደገፋቸው አንዱ ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎቻችንን የሚያስገርም ነገር አለ። አሜሪካ ውስጥ በተለመደው የኤፍ.ኤም. ሬዲዮ ዘፈን ሲተላለፍ የሚከፈለው ለግጥምና ዜማ ደራሲው ነው። ዘፋኙ፣ ድራመሩ፣ አሳታሚው ምንም አያገኙም። ይህን ለመለወጥ የቀረበው ረቂቅ ሕግ ከሬዲዮ ጣቢያዎች ተቃውሞ ጋር እየተላተመ ለዓመታት ሲጓተት ቆይቷል። በዚህ ነጥብ የኛ አዋጅ ከነሱ የተሻለ ነው!

በዲጂታል ሬዲዮ ግን ሕጋቸው ሌላ ነው። ገንዘቡን የሚሰበስብ ድርጅት አለ፤ ክፍፍሉም በሕግ ተወስኗል። 100 ብር ገባ እንበል። 50ው ለቀረጻው ባለቤት ይሄዳል። 45ቱ ስሙ ለተጠራው ዘፋኝ ወይም ባንድ ነው። የቀረው 5 ብር ስማቸው ላልተጠራ አጃቢዎች ነው፤ ግማሹ ለመሣሪያ ተጫዋቾች፣ ግማሹ ለተቀባይ ድምፃውያን። ስለዚህ ለቀረጻ ተጠርቶ የመጣ ድራመር ከሌሎቹ ተጫዋቾች ጋር የሚካፈለው 2 ብር ከ50 ሳንቲም ነው። ትንሽ ነው፣ አዎ። ግን ቁጥር አለው። ድራመሩ በሕግ ፊት «አለ» ተብሎ ተቆጥሯል፤ ገንዘቡ ሲመጣም ስሙን ፈልጎ የሚያገኘው አካል አለ።

የማንን ወንበር ይዞ?

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ልመለስ። ሙዚቀኛ ቢሮ ገባ ስንል የማንን ወንበር ይዞ ነው? በርጀስ የመራው የአሳታሚዎችን ማኅበር ነው። ከመቶው ብር የሚያየው በቀጥታ ሲታይ 50ውን እንጂ 2 ብር ከ50ውን አይደለም። በኤፍ.ኤም. ጉዳይ አሳታሚውና ተጫዋቹ ሁለቱም ስለማይከፈላቸው በአንድ ወገን ይሰለፋሉ፤ ውል ሲፈራረሙ ግን ጠረጴዛው ለሁለት ይከፍላቸዋል። ኤልያስ የያዘው ወንበር የኩባንያ መሥራች ወንበር ነው፤ ዳዊት ይፍሩ ደግሞ የሙያ ማኅበር። ሦስቱም የሚናገሩት ስለ «ሙዚቀኛው መብት» ነው፤ እያንዳንዱ ወንበር የሚያሳየው ግን የተለያየ ነገር ነው። በኔ ግምት ለጋሼ ዓይነቱ ሰው የሚቀርበው የሙያ ማኅበሩ ነው፤ ገንዘብ የማምጣት አቅም የሚኖረው ግን የኩባንያው ነው። ሁለቱ ካልተናበቡ የሚጎዳው መጨረሻ ላይ ያለው ነው።

ደግሞ ቢሮ የገባው ሰው ምንም ቢታገል አንድ ነገር ከውጭ ይፈልጋል፤ መዝገብ። ማኅበሩ ገንዘቡን የሚያከፋፍለው ጣቢያዎች «ይህን ሥራ በዚህ ቀን አጫወትን» ብለው በሚያቀርቡት ዝርዝር ነው። ዝርዝሩን የሚሞላው ደግሞ ጠበቃ ወይም ሚኒስትር ሳይሆን የፕሮግራሙ አዘጋጅ ነው። ማለትም እኛ ነን። ያቺ ሰረዝ ያስጨነቀችኝ ለዚህ ነው።

ነገሩን ለመምህራችን ነገርናቸውና ቅጹ ላይ አንድ ዓምድ ተጨመረ፤ «ተጫዋቾች»። በመጀመሪያው ሳምንት አሥር ዘፈን አጫወትን። የድራመሩን ስም ማግኘት የቻልነው ለሦስቱ ብቻ ነው። አንዱ «ሙዚቃዊ ስልት» ነው። የሰባቱን ዝርዝር በስልኬ ይዤ ጋሼ ዘንድ ሄድኩ። እያንዳንዱን ዓይናቸውን ጨፍነው፣ በጣታቸው ጉልበታቸውን እየመቱ ሰሙ። አራተኛው ላይ ቆም አሉ፤ የራሳቸው ምት ነው። ስድስተኛውን ደግሞ የመታው ጓደኛቸው እንደነበር ነገሩኝ፣ ሙሉ ስሙንም አጻፉኝ። አምስቱ ይቀረናል።